ጠዋት ጎበዝ፣ ከሰዓት ደካማ፦ መስቀል አደባባይ አካባቢ መኪና የሚፈትሽ አነፍናፊ ውሻ

ጀማሪዋ ሃንድለር (ውሻ መሪ) (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እህታችሁ ነኝ፤ ውሻ ከተረከብኩ ገና ሦስተኛ ወር ላይ ነኝ። መልስ ለመስጠት እንዲመቻችሁ ነገሩን በዝርዝር ላስቀምጠው።

ውሻው ማሊኖይስ ነው፣ ወንድ፣ 4 ዓመቱ፣ 29 ኪሎ። የሠለጠነው ለፈንጂ ነው፤ ሲያገኝ ቁጭ ብሎ አፍንጫውን ምንጩ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። የምንሠራው ከስታዲየም እስከ መስቀል አደባባይ፣ የመኪናና የሻንጣ ፍተሻ ነው። አንዳንድ ቀን ከአደባባዩ ሥር ባለው መኪና ማቆሚያም እንገባለን።

ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት እንከን አይወጣለትም። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ግን 8 ወይም 10 መኪና እንደዞረ ምላሱን ዘርግቶ ያለከልካል፤ ፓራፋንጎውንም የበሩን ስንጥቅም አፍንጫውን ሳያሳርፍ ያልፈዋል። ሲብስ ደግሞ ምንም በሌለበት መኪና ላይ ይቀመጣል። በዚህ ሳምንት ብቻ 4 ጊዜ ተቀመጠ፤ ሦስቱ ሚኒባስ ናቸው፣ አራቱም ባዶ።

አየሩ 25 ዲግሪ ስለሆነ “ሙቀት ነው” የሚለው አልዋጥልኝ አለ። አፍንጫው ተጎድቶ ይሆን? ወይስ ጥፋቱ የእኔ ነው? የሚበላው በቀን አንዴ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ተቅማጥ ይዞት ኪኒን ወስዶ ነበር፤ አሁን ድኗል።


ረዥም ገመድ

እህቴ፣ ሳይሆን አይቀርም ሁሉም አለበት። ግን ከሙቀቱ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ በሱ ላይ ነው የሚደረበው።

የአየሩን 25 ዲግሪ ተዪው። ያ ቁጥር ጥላ ውስጥ፣ ከሰው ቁመት የሚለካ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ስስ አየር አልፋ ነው የምትወርደው፤ ጥላው እያቀዘቀዘ ፀሐዩ የሚፈጀው ለዚህ ነው። በ25 ዲግሪ አየር፣ የቀትር ፀሐይ ያረፈበት ጥቁር አስፋልት 50 ዲግሪ ይደርሳል። የውሻው ደረትና ሆድ ከዚያ አስፋልት ክንድ አይርቅም። በተሰለፉት መኪኖች መካከል ደግሞ የሞተሩና የማርሚታው ወበቅ ይጨመራል። ከሥራ በፊት የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለ7 ሰከንድ አሳርፊ። አንቺ ካልቻልሽ የሱም መዳፍ አይችልም። ሰልፉን ወደ ሕንፃ ጥላ ወይም ወደ ዛፍ ሥር ማዞር ከተቻለ ከሁሉ በፊት እሱን አድርጊ። መኪናው ወደ ጥላው ይምጣ እንጂ ውሻው ወደ ፀሐዩ አይሂድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማለክለክና ማሽተት አብረው አይሄዱም። ውሻ ሲያነፈንፍ አፉን ገጥሞ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል አየር በአፍንጫው ይስባል፤ ከዚያ የተወሰነው ከአፍንጫው በስተኋላ ወዳለው የሽታ ክፍል ይገባል። ሲያለከልክ ግን አፉ ተከፍቶ አየሩ በደቂቃ ከ200 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ሥራውም ሰውነትን ማቀዝቀዝ ብቻ ነው፤ እንደኛ በገላው አያልበውምና ዋና መውጫው ይኸው ነው። ስለዚህ የሚያለከልክ ውሻ መኪናውን ዞረው እንጂ አልፈተሸውም። መዝገቡ ላይ “ተፈትሿል” ተብሎ ሲጻፍ ነው አደጋው የሚመጣው፤ ከዚያ በኋላ ያንን መኪና ማንም ደግሞ አያየውም።

በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሥራ፣ ከዚያ ቢያንስ ያንኑ ያህል እረፍት ስጪው። ጠዋት እስከ 25 ወይም 30 ደቂቃ መሄድ ይቻላል። የእረፍቱን ማብቂያ በሰዓት አትወስኚው፤ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው መተንፈስ ሲጀምር ነው የሚነሣው። ውሃ በአንድ ጊዜ ባልዲ ሙሉ አይሰጥም፤ በየእረፍቱ ከ1 እስከ 2 ብርጭቆ ያህል፣ ደጋግሞ። ሥራ በሌለበት ቀን እንኳ ይህ ውሻ 1.5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ በሥራ ቀን ከዚያ በላይ።

ምልክቶቹን በቅደም ተከተል ልመጂያቸው። መጀመሪያ ምላሱ ይረዝማል። ቀጥሎ ጫፉ እንደ ማንኪያ ይሰፋና ጠርዙ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ከንፈሩ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ዓይኑ ይጠባል፤ ገመዱን ወደ ጥላ መጎተት ይጀምራል። ፍተሻው እዚህ ላይ ይቆማል፤ ከዚህ በላይ አይጠበቅም። የሚሸለምበትን ኳስ ስታሳዪው ፊቱን ካዞረ፣ ድዱ ደም ከመሰለ ወይም ከጠቆረ፣ እግሩ ከተንገዳገደ፣ ካስመለሰው ግን ጉዳዩ ድካም መሆኑ ቀርቶ ሕይወት ማዳን ሆኗል።

እዚያ ደረጃ ከደረሰ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ነው ማጓጓዝ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ውሻውን መኪና ውስጥ ከቶ መንገድ ይጀምራል። በዚህ ከተማ መንገድ ሲዘጋ ግማሽ ሰዓት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አንጎልና ኩላሊት ግማሽ ሰዓት አይጠብቁም። ያገኘሽውን ውሃ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ቆዳው እስኪርስ አፍስሺበት፤ ሆዱን፣ ብብቱን፣ የታፋውን ውስጥ አትርሺ። ነፋስ እንዲያገኘው አድርጊ። ቴርሞሜትሩ በፊንጢጣ 39.5 ሲያሳይ ማፍሰሱን አቁሚ፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ይወርዳል፣ ከቀጠልሽ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል።


ፒያሳ 4

ጋሽ ገመድ ካሉት ላይ ልጨምር። እርጥብ ፎጣ ጀርባው ላይ ጣል አድርጎ መኪና ውስጥ ማስተኛት ይረዳል። በክረምት ፀጉሩ ስለሚወፍር ደግሞ በበጋው መግቢያ ማሳጠር ይሻላል የሚሉ አሉ።


ዶክተር ከቄራ

ፒያሳ ወንድሜ፣ ሁለቱም ይቅር። ፎጣው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞቅና እንደ ብርድ ልብስ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ፎጣ ካለ በየደቂቃው እየነከሩ መቀየር፣ አለዚያ ከነጭራሹ መተው። ፀጉሩንም አትንኩት፤ የማሊኖይስና የጀርመን ሸፐርድ ድርብ ፀጉር ከላይ የሚወርደውን ፀሐይ የሚከላከል ነው። የሞተውን የውስጥ ፀጉር በብሩሽ ማውጣት ግን በጣም ይጠቅማል፤ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ።

ጤነኛ ውሻን ከሥራ በኋላ ለማቀዝቀዝ የተሻለ መንገድ አለ። በ2024 የታተመ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሥራ ውሾች ጥናት አራት ዘዴዎችን አወዳድሮ ነበር፤ በፍጥነት የሠራው ውሻው በፈቃዱ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ መንከሩ ነው። እንደ ጨዋታ ይለመዳል፦ ባልዲ ውስጥ ትንሽ ውሃ፣ ሥሩ ላይ ኳስ ወይም ቁራጭ ሥጋ፤ ቀን በቀን ውሃው ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ዓይኑን እስኪያልፍ። የሚለመደው በብርድ ቀን፣ ከሥራ ውጭ ነው። ጭንቅላቱን በእጅ መጫን ፈጽሞ አይፈቀድም። ለተንገዳገደ፣ ለሚያስመልስ ወይም ራሱን ለሳተ ውሻም ይህ ዘዴ አይደለም፤ ውሃው ሳንባው ይገባል።

እህቴ ጀማሪዋ፣ ከጻፍሽው ውስጥ ሁለት ነገር አሳስቦኛል።

አንደኛው ኪኒኑ ነው። ስሙ ምን ነበር? ሜትሮኒዳዞል ከሆነ (ለተቅማጥና ለጃርዲያ እዚህ አገር በብዛት የሚታዘዘው እሱ ነው) አፍንጫውን ሊነካ ይችላል። በአሜሪካ በፈንጂ አነፍናፊ ውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ሜትሮኒዳዞል ከወሰዱት ግማሾቹ ቢያንስ አንድ የፈንጂ ዓይነት የማግኘት ችሎታቸው ወርዶ ታይቷል። ዶክሲሳይክሊን የወሰዱት ላይ ግን ይህ አልታየም። መድኃኒቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ሲያስፈልግ ይሰጣል። ግን ኪኒኑን ከጨረሰ በኋላ 10 ቀን ያህል ከፍተሻ ይውጣ፣ ሲመለስም በሚታወቅ የፈንጂ ናሙና ተፈትኖ ይመለስ። ለሚያክመው ሐኪም ሁልጊዜ “ይህ ውሻ በአፍንጫው የሚሠራ ነው” ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው። ይህን ሳይሰማ ያዘዘ ሐኪም አይወቀስም።

ሁለተኛው የምሳ ሰዓቱ ምግብ ነው። በልቶ በ1 ሰዓት ውስጥ ሥራ መግባት አፍንጫውን ማዳከሙ ብቻ አይደለም። ደረተ ጥልቅ የሆኑ እንደ ማሊኖይስና ሸፐርድ ያሉ ውሾች ጨጓራቸው ተነፍቶ ሊጠማዘዝባቸው ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ ማስመለስ ይሞክራል ምንም አይወጣም፣ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ መተኛት ያቅተዋል። ቀዶ ጥገና በሰዓታት ውስጥ ካላገኘ ይሞታል። አንቺ በገለጽሽው ፈረቃ የቀኑን ምግብ ሲሶ ጠዋት ሥራው አልቆ ትንፋሹ ከረጋ በኋላ፣ 3፡30 ገደማ፣ ሁለት ሲሶውን ደግሞ ማታ፣ ከሥራ 1 ሰዓት ቆይቶ ስጪው። ለ29 ኪሎ የሥራ ውሻ መነሻው በቀን 1,800 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ የጎድን አጥንቱን እየዳሰስሽ ታስተካክያለሽ። ጎድኑ በእጅ ሊዳሰስ ይገባል፣ ከሩቅ ግን ሊቆጠር አይገባም።

ስለ ምግብ ካነሣን የእርድ ቤት ጥሬ ጉበትና ሳንባ አትስጪው። በበግና በከብት ሳንባ ውስጥ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የቴፕ ትል (የኮሶ ትል ዓይነት) እጭ ነው፤ ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በፀጉሩና በምላሱ በኩል ወደ ሰው ይመጣል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም እንደዚያው ከረጢት ይሠራል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያልፈላ የውስጥ ዕቃ አይበላም። ፕራዚኳንቴል (የትል መድኃኒት) በየ6 ሳምንቱ ይሰጠው። የወጥ ትራፊም አይሆንም፤ ሽንኩርት የቀይ ደም ሴሎቹን ያፈርሳል። በአንድ ጊዜ በብዛት የገባ ሽንኩርት ለዚህ ውሻ አደገኛ ነው፣ በየቀኑ በጥቂቱ የገባውም ይጎዳል፤ መቀቀሉም መርዙን አያጠፋውም። በፆም ፍቺ ሰሞን ሰው በደግነት ዶሮ ወጥ የነካው እንጀራ ሲወረውርለት እጁን ያዢው።


ሽታና ነፋስ

እኔ ወደ ባዶዎቹ ሚኒባሶች ልሂድ።

4 ጊዜ ባዶ መቀመጥ ሦስት መነሻ ሊኖረው ይችላል፦ ሽታው ከሌላ ቦታ በነፋስ መጥቶ ነው፤ ወይም ቀደም ሲል የነበረ ነገር ሽታው ቀርቶ ነው (ይህ የውሻው ስሕተት አይደለም)፤ ወይም አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽው። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፣ ደግሞም ከሁሉ በቀላሉ ይታረማል።

በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የወጣ ጥናት አለ። 18 የውሻና የሃንድለር ጥንዶች ምንም ናሙና ባልተቀመጠባቸው ክፍሎች እንዲፈትሹ ተደረገ። ለሃንድለሮቹ ግን “ናሙና ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ወረቀት ሊኖር ይችላል” ተብሎ ተነገራቸው። ሃንድለሮቹ ባዶ ክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ “ውሻዬ ምልክት ሰጠ” አሉ፤ ወረቀት ባለበት ቦታ ደግሞ ይበልጥ። ውሻ ወረቀት አያነብም፤ ካነበበም ያነበበው ሰውየውን ነው። ከሰዓት በኋላ ውሻሽ ሲደክም አፍንጫው መረጃ መስጠት ያቆማል፣ የቀረው የመረጃ ምንጭ አንቺ ነሽ። ሚኒባስ ደግሞ ጭነት የበዛበት፣ ረዳቱ የሚጮኽበት፣ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው መኪና ነው። እዚያ ጋ ስትደርሺ እርምጃሽ ይቀንሳል፣ ገመዱ ይጠብቃል፣ ያንኑ በር ሁለቴ ሦስቴ ታሳዪዋለሽ፣ እጅሽ ወደ ኳሱ ኪስ ይሄዳል። ለውሻው ይህ ሁሉ “ቁጭ በል” ነው።

መድኃኒቱ ልምምዱ ውስጥ ነው። 10 መኪና አሰልፉ፤ በ2ቱ ናሙና ይኑር፣ 8ቱ ባዶ ይሁኑ። አንዳንድ ቀን 10ሩም ባዶ ይሁኑ፤ በእያንዳንዱ ልምምድ አንድ ነገር የሚያገኝ ውሻ “ዛሬ ገና አላገኘሁም” ብሎ ፈጥሮ ይቀመጣል። ናሙናውን ሌላ ሰው ያስቀምጠው፣ ቦታውን አንቺ አትወቂ። ከዚያም አልፎ አስቀማጩ እዚያ አይቁም፣ ቦታውን የሚያውቅ አንድም ሰው በአካባቢው አይኑር። የቆሙት ሰዎች ፊታቸው ብቻውን ይናገራል። ናሙናው ከተቀመጠ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ ሽታው ከስንጥቆቹ መውጣት የሚጀምረው ቀስ ብሎ ነው።

ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ባዶዎቹ ላይ ነው፤ እውነተኛ ባዶ አያደርጓቸውም። ናሙና ያለበት መኪና ላይ አዲስ ጓንት፣ ላስቲክና ፕላስተር ይገባል፤ ሌላው ላይ አይገባም። ውሻው የጓንትና የላስቲክ ሽታ ይማርና ፈንጂውን ተማረ ትላላችሁ። ስለዚህ ባዶዎቹ ላይም ንጹሕ ጓንት፣ ያው ላስቲክ፣ ያው ፕላስተር፣ የኳስ ቁራጭ ይግባባቸው። እዚህ ከተማ ውስጥ ሻንጣና ሚኒባስ ላይ የሚገኘውንም ጨምሩ፦ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ የተቆላ ቡና፣ እጣን፣ ጫት። አንድም ጊዜ እንዳይሸለምባቸው። ቡናና እጣን ሽታ ይሸፍናል የሚባለው ተረት ነው፤ ውሻ ሽታዎቹን ለየብቻ ነው የሚያነባቸው። በርበሬ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አይሸፍንም፣ አፍንጫውን ያቃጥላል። ከመርካቶ የመጣ የተፈጨ በርበሬ ያለበትን ማዳበሪያ አፍንጫው ሥር አትምቺው፣ አታራግፊው። ከገባበት በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ አፍንጫውንና ዓይኑን አጥቢ፣ የዚያን ቀን ሥራው አልቋል።

የናሙናዎቹን አቀማመጥም ጠይቂ። እያንዳንዱ ዓይነት በየራሱ የመስታወት ማሰሮ፣ በየራሱ መደርደሪያ መሆን አለበት። ሽታው የሚያይል ከደካማው ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ከከረመ ደካማው የጠንካራውን ይይዛል፤ ውሻውም ደካማውን ሳያውቀው ይቀራል፣ ልምምዱ ላይ ግን ሁሉን ያገኘ ይመስላል። መጠኑንም አለዋውጡ። ሁልጊዜ በትንሽ መጠን የለመደ ውሻ ብዙ ሲገጥመው ሽታው ከየት እንደሚመጣ ግራ ይገባውና ከሩቅ ይቀመጣል፣ ወይ ያልፋል።

ነፋሱን በተመለከተ፣ የሕፃን ፓውደር ያለበት ትንሽ ጠርሙስ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። ጨመቅ አድርጊና ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ እዪ፤ ብናኙ ከሚሄድበት ወገን ጀምረሽ ውሻውን ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርገሽ አምጪው። መስቀል አደባባይ ላይ ነፋሱ ባለ ደረጃው መቀመጫ ጋ ደርሶ ይዞራል፤ ቀትር ላይ ደግሞ የጋለው ደረጃ አየሩን ወደ ላይ ስለሚስበው ታች ያለ ነገር ሽታው ከላይኛው ረድፍ ሊገኝ ይችላል። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና ረጋ ያለ ስለሆነ ሽታው መሬት መሬቱን ይተኛል፤ የጠዋቱ ጉብዝና አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከመሬት በታች ባለው ማቆሚያ ነፋስ የለም፣ ያለው የአየር ማስወጫው ማራገቢያ ነው። እሱ ሲሠራ ሽታውን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፤ ምንጩ 3 ወይም 4 መኪና ወዲያ ሊሆን ይችላል። እዚያ ሲቀመጥ በዚያ መኪና ላይ ብቻ አትወሰኚ፤ ማራገቢያው በሚስብበት በተቃራኒ አቅጣጫ ያሉትንም ፈትሺ። ሞተር የሚያስነሣ ካለ ደግሞ ውሻውን አውጪው። የጭሱ መርዝ ሽታ ስለሌለው አንቺም አታውቂውም።

መኪናውን ስትፈትሺ ሞተር ጠፍቶ፣ መስኮትና በር ተዘግቶ 5 ደቂቃ ይቁም። መጀመሪያ በላላ ገመድ አንድ ሙሉ ዙር ልቀቂው፣ በራሱ ይሥራ። ሁለተኛው ዙር ያንቺ ነው፦ የፊት ፓራውልት፣ ፍርግርጉ፣ የኮፈኑ መጋጠሚያ፣ ቸርኬና ፓራፋንጎ፣ የበሮቹ ስንጥቅ ከታች ወደ ላይ፣ የነዳጅ ክዳን፣ የኋላ በር፣ ከዚያ ሌላኛው ጎን። እያንዳንዱን አንዴ አሳይተሽ እለፊ። እግርሽ አይቁም፤ የቆመ እግር ነው የሚያስቀምጠው። ማርሚታው ጋ ስትደርሺ ገመዱን አሳጥሪ፤ አፍንጫው ላይ የደረሰ ቃጠሎ ለሳምንታት ከሥራ ያወጣዋል።


ጀማሪዋ ሃንድለር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼም ዶክተርም። ኪኒኑን አጣርቼ ነው የተመለስኩት፤ ሜትሮኒዳዞል ነው፣ ከጨረሰ ገና 4 ቀኑ። ዛሬውኑ ከሰልፉ እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይቅርታ አድርጉልኝና ልጠይቅ። በእውነተኛ ሥራ ላይ ሲቀመጥ ልሸልመው ወይስ አልሸልመው? ካልሸለምኩት ተስፋ ይቆርጣል፣ ከሸለምኩትና ባዶ ከሆነ ስሕተቱን አስተማርኩት ማለት ነው።


ረዥም ገመድ

ጥሩ ጠየቅሽ። በሥራ ላይ የተቀመጠበት ነገር ምን እንደሆነ ሳይረጋገጥ ኳስ አይሰጥም። ፈንጂ ከሆነ ደግሞ ኳስ የሚወረወርበት ቦታም አይደለም። ሲቀመጥ ድምፅሽን ሳትቀይሪ ጠርተሽ በመጣሽበት መንገድ ይዘሽው ውጪ። ምንም አትንኪ፣ በር አትክፈቺ፣ ሬዲዮና ስልክ እዚያው አጠገቡ አትጠቀሚ፤ ርቀሽ ለፈንጂ ባለሙያዎቹ ንገሪ። ባለመኪናውን ከመኪናው አርቁት እንጂ “ክፈተው” አትበሉት።

ሽልማቱ በኋላ ነው። ከሥራ ቦታው ርቆ፣ ናሙናው አስቀድሞ የተቀመጠበት አንድ ዕቃ ይጠብቀው፤ 1 ደቂቃ ፈልጎ ያግኝ፣ ኳሱንም በደንብ ይጫወትበት። ሲወጣ ያገኘ ውሻ ሆኖ ይወጣል። ኳሱ ደግሞ ከእጅሽ ሳይሆን ከኋላው፣ በሌላ ሰው፣ ምንጩ ላይ አፍንጫውን እንደተከለ ይወርወርለት፤ ያኔ አንቺን ዘወር ብሎ ማየቱን ይተዋል። ከተቀመጠ በኋላ ፊትሽን የሚያይ ውሻ እየጠየቀሽ ነው፤ ምንጩን የሚያይ ውሻ ነው የሚነግርሽ።

መዝገብ ያዢ፣ በዚህ አልደራደርም። ቀን፣ ሰዓት፣ የአየርና የአስፋልት ሙቀት፣ የነፋስ አቅጣጫ፣ ስንት መኪና በስንት ደቂቃ፣ ማለክለክ የጀመረበት ደቂቃ፣ የተቀመጠበት ቦታና ውጤቱ፣ የበላበት ሰዓት፣ የወሰደው መድኃኒት። ልምምዱንም ለብቻው፦ ናሙናው ምን፣ ስንት ግራም፣ የት፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ አገኘ ወይ አለፈ። ያለፈውን ሳይደብቁ መጻፍ ነው ዋናው። በአሜሪካ ያሉ የአነፍናፊ ውሻ ቡድኖች የሚከተሉት መመሪያ በወር ቢያንስ 16 ሰዓት ልምምድ ይላል፤ ይህ ከሥራው ፍተሻ ውጭ ነው። በሳምንት 4 ሰዓት ማለት ነው፣ ይቻላል።


ዶክተር ከቄራ

ለነዚያ የእረፍት ቀናት ሥራ ልስጥሽ። ጆሮውን፣ የጣቶቹን መሐል፣ ብብቱን፣ የጅራቱን ሥር በየማታው ዳስሺ፤ መዥገር የሚደበቀው እዚያ ነው። መዥገር የሚያመጣው ኤርሊኪያ የሚባል በሽታ ትኩሳትና ድካም ይሰጣል፣ ሲቆይ አፍንጫውን ያደማል። “ከሰዓት ይደክማል” የተባለ ውሻ ላይ የደም ምርመራ ማድረግ ስለዚህ ትርፍ ወጪ አይደለም። ጥርሱንም እዪ፤ የተሰነጠቀ ጥርስ ያለበት ውሻ ኳሱን መፈለግ ያቆማል፣ ኳሱን ያልፈለገ ደግሞ ሽታውንም አይፈልግም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ መታደሱን ካርዱ ላይ አረጋግጪ። በስታዲየምና በፒያሳ ዙሪያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ብዙ ናቸው። ከተነካከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢ፣ የዚያኑ ቀን ለማጠናከሪያ ክትባት አምጪው። አንቺም ከመነከስሽ በፊት የሚሰጠውን ክትባት ውሰጂ፤ ብትነከሺም በዚያው መንገድ ታጥበሽ ጤና ተቋም ትሄጃለሽ እንጂ “ተከትቤያለሁ” ብለሽ አትቀሪም።

ሥራ የሚመለስበት ቀን ሲደርስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በ5 ናሙና፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ በሌላ 5 ናሙና ፈትኚው፤ በመካከላቸው ባዶ መኪኖች ይኑሩ፣ ቦታውን ሌላ ሰው ይወስን። ከሰዓቱ ከጠዋቱ ካነሰ ሙቀቱንና ምግቡን እንደገና እናያለን። ሁለቱም እኩል ካነሱ ግን ከዚያ በፊት ለእኔ ወይም ለሚያክመው ሐኪም አሳዪው።